ዲስፕሮሲየም ሲጠፋ፦ ጃፓን ከ2010 በኋላ ምን አደረገች?

ጁላይ 2016 ላይ ሆንዳና ዳይዶ ስቲል የተባለው የጃፓን ብረት አምራች በጋራ አንድ መግለጫ አወጡ። ፍሪድ የምትባለው የቤተሰብ መኪና አዲስ ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ሞዴል ልትወጣ ነው። የሞተሯ ማግኔት ደግሞ ዲስፕሮሲየምም ተርቢየምም የለበትም። ከከባድ ሬር ኧርዝ ፈጽሞ ነጻ የሆነ የኒዮዲሚየም ማግኔት በሃይብሪድ መኪና ሞተር ውስጥ ሲገባ በዓለም የመጀመሪያው ነው ተባለ። ሬር ኧርዝ በኬሚካል ጠባያቸው የሚመሳሰሉ የብረታ ብረት ንጥረ ነገሮች የጋራ ስም ነው፤ ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም «ከባድ» ከሚባሉት ወገን ናቸው፣ ኒዮዲሚየም ደግሞ «ቀላል» ከሚባሉት።

መኪናዋን ለሚገዛ ሰው ይሄ ከቁም ነገር የሚገባ ዜና አይደለም። ሞተሩ ያው ይሽከረከራል፣ ነዳጁም ያው ይቆጠባል። ከማግኔት ጋር ውሎ ለሚያድር መሐንዲስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የጃፓን ፋብሪካዎች በዚህች ዲስፕሮሲየም የተነሳ እንቅልፍ አጥተው ነበርና። ነገሩ እንዴት እንደጀመረ፣ ምን እንደተሠራና የተሠራው ሥራ እስከየት እንዳደረሳቸው እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማግኔቱ ከባዱን ለምን ፈለገ?

ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የሚሠራው ማግኔት የተወለደው 1982 ላይ ነው። ማሳቶ ሳጋዋ የሚባል ተመራማሪ ፉጂትሱ ውስጥ እየሠራ ሐሳቡን የሚሰማው ሲያጣ ለቀቀ። ሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ማግኔቱን ሠራው። በዚያው ሰሞን የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሱ።

የጃፓኑ መንገድ ቅይጡን ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ፣ ዱቄቱን በማግኔት መስክ ውስጥ አሰልፎ መጫን፣ ከዚያም በምድጃ ሙቀት ማጣበቅ ነው። የአሜሪካኖቹ የቀለጠውን ቅይጥ በፍጥነት በሚሽከረከር ቀዝቃዛ ጎማ ላይ እያፈሰሱ በቅጽበት ማጠንከር ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን። ለጊዜው ግን ኃይለኛ ማግኔት በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ የበላይነቱን የያዘው የጃፓኑ ነበር።

ችግሩ ሙቀት ላይ ነው። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መንገዳገድ ይጀምራል። የሃይብሪድ መኪና ሞተር ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ያልፋል፣ ሲብስበትም ወደ 200 ይጠጋል። በዚያ ላይ ከሽቦው ጥቅል የሚመጣው ተቃራኒ መስክ ማግኔቱን ያለማቋረጥ ይገፋዋል። ማግኔቱ አንዴ እጁን ከሰጠ በኋላ ሞተሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ ወደ ነበረበት አይመለስም።

መድኃኒቱን ያገኘውም ሳጋዋ ነው። ከኒዮዲሚየሙ ጥቂቱን በዲስፕሮሲየም ሲተኩት ማግኔቱ እልኸኛ ይሆናል። አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም። ተርቢየም እንዲያውም የበለጠ ይሠራል፣ ግን ይበልጥ ውድ ነው። በዚያ ዘመን የሃይብሪድ ሞተር ማግኔት ከክብደቱ 10 በመቶ የሚጠጋ ዲስፕሮሲየም ሊይዝ ይችል ነበር።

ዲስፕሮሲየም ግን በነጻ አያገለግልም። የራሱ የማግኔት አቅጣጫ ከብረቱ ጋር ተቃራኒ ሆኖ ስለሚቆም የማግኔቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ሙቀት መቋቋምን ለማግኘት ጉልበት ይከፈላል ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዲስፕሮሲየምን ወደውት አያውቁም። ያስገቡት ሌላ ስላልነበራቸው ነው።

ከጋንጆ ኮረብታዎች

ዲስፕሮሲየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአማካይ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 5 ግራም ያህል አለ። ያስቸገረው አንድ ቦታ ተከማችቶ አለመገኘቱ ነው። የዓለም ትልቁ የሬር ኧርዝ ማዕድን፣ ቻይና ውስጥ ባያን ኦቦ የሚባለው፣ ከሚያወጣው ሬር ኧርዝ ውስጥ የዲስፕሮሲየም ድርሻ 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሴሪየም፣ ላንታነም፣ ኒዮዲሚየም፣ ማለትም ቀላሎቹ ናቸው።

በደቡብ ቻይና ጂያንግሺ ግዛት፣ ጋንጆ አካባቢ ሎንግናን በሚባል ቦታ ግን ሌላ ዓይነት ክምችት አለ። 1969 ላይ ነው የታወቀው። ዝናብና ሙቀት ግራናይቱን እያበሰበሱ ወደ ሸክላ አፈር ቀይረውታል። ከባዶቹ ንጥረ ነገሮች ከሸክላው ጋር ላላ ብለው ተጣብቀው ይገኛሉ። አፈሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ሬር ኧርዝ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው፣ እጅግ ትንሽ። ከዚያች ትንሽ ውስጥ ግን ዲስፕሮሲየም ከ6 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ከግማሽ በላዩ ደግሞ ኢትሪየም ነው።

አወጣጡ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ኮረብታው ላይ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። አሞኒየም ሰልፌት የተሟሟበት ውኃ ይፈስባቸዋል። አሞኒየሙ የሬር ኧርዙን ቦታ ይነጥቃል፣ የተለቀቀው ሬር ኧርዝ ከውኃው ጋር ወርዶ ከኮረብታው እግር ሥር በገንዳ ይጠራቀማል። ድንጋይ መፍጨት የለም፣ ትልቅ ማሽን የለም። ጥቂት ሰዎችና አንድ የኬሚካል ጭነት ይበቃሉ። ለዚህም ነው ሕገ ወጡ ሥራ ጋንጆን ያጥለቀለቃት። ኬሚካሉ ገንዳ ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ጅረቱም ወደ ከርሰ ምድር ውኃውም ይገባል። 2012 ላይ የቻይና መንግሥት ባለሥልጣናት ጋንጆን ለማጽዳት 38 ቢሊዮን ዩዋን ያስፈልጋል ብለው ነበር። ያንን ሒሳብ ዲስፕሮሲየሙን በርካሽ ሲገዙ የኖሩት አገሮች አልከፈሉትም።

ከዚያ በኋላ ነው ከባዱ ሥራ የሚመጣው። ከገንዳው የሚወጣው ድብልቅ ነው። አሥራ ምናምን ንጥረ ነገሮች፣ በኬሚካል ጠባያቸው መንትያ የሚመስሉ። እነሱን ለመለያየት ድብልቁ በአሲድና በኦርጋኒክ ፈሳሽ መካከል በመቶዎች በሚቆጠሩ ደረጃዎች ይመላለሳል። በእያንዳንዷ ደረጃ ትንሽ ይለያል፣ ትንሽ ይጠራል። ፋብሪካው ተስተካክሎ ንጹሕ ዲስፕሮሲየም እስኪወጣው ድረስ ትዕግሥትም ልምድም ይጠይቃል። 2010 ላይ ይህን በንግድ ደረጃ ለከባዶቹ የሚሠራው ቻይና ነበር ማለት ይቻላል። በእኔ እይታ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጠባቡ በር የመለያው ፋብሪካ ነው፣ ማዕድኑ ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ኮታው፣ ከዚያ መርከቧ

ታሪኩን ብዙ ሰው ከመርከቧ ይጀምረዋል። ሴፕቴምበር 7፣ 2010 አንዲት የቻይና ዓሣ አስጋሪ ጀልባ፣ ጃፓን ሴንካኩ ቻይና ዲያዩ በሚሏቸው ደሴቶች አጠገብ ከጃፓን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ጋር ተጋጨች። ካፒቴኑ ታሰረ። ቤጂንግ ተቆጣች። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ጃፓን የሚሄድ ሬር ኧርዝ ቻይና ወደቦች ላይ ቆመ ተባለ። ቻይና እገዳ አልጣልኩም አለች። የጃፓን ነጋዴዎች ደግሞ ዕቃችን ጉምሩክ ላይ ተይዟል አሉ። ሁለት ወር አካባቢ እንዲህ ሲጓተት ቆይቶ ጭነቱ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እኔ ግን ከኮታው ብጀምር እመርጣለሁ። ጀልባዋ ከመጋጨቷ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ጁላይ ላይ፣ ቻይና የዓመቱን የኤክስፖርት ኮታ በ40 በመቶ ገደማ ቆርጣው ነበር። 2009 ላይ 50 ሺህ ቶን አካባቢ የነበረው ወደ 30 ሺህ ቶን ወረደ። ያኔ ቻይና የዓለምን ሬር ኧርዝ ከ95 በመቶ በላይ ታመርት ነበር። ጃፓንም ከምታስገባው 90 በመቶ ያህሉ ከዚያው የሚመጣ ነው። ኮታው ደግሞ ቀላሉንና ከባዱን አይለይም ነበር፣ ሁሉም በአንድ ሚዛን ነው የሚቆጠረው። ሁለቱ ለየብቻ ኮታ የወጣላቸው ለ2012 ነው። እንዲያውም መርከቧ ባትጋጭም ገበያው መታመሙ አይቀርም ነበር። መርከቧ ያመጣችው ድንጋጤውን ነው።

ዋጋው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። 2010 ሲጀምር አንድ ኪሎ ዲስፕሮሲየም ኦክሳይድ ከ200 ዶላር በታች ነበር። በ2011 አጋማሽ ከቻይና ውጭ ከ2,000 ዶላር በላይ ሆነ። ቻይና ውስጥ ያለው ዋጋ ከውጪው በጣም ያንስ ነበር። የኤክስፖርት ቀረጡና ኮታው ሲደመሩ ለውጭ ገዢ አንድ መልእክት ነበራቸው፦ ርካሽ ዲስፕሮሲየም ከፈለግህ ፋብሪካህን ይዘህ ና። አንዳንድ የጃፓን ማግኔት አምራቾች ሄዱም።

መብራት አምራቾችም ተነክተው ነበር። የፍሎረሰንት አምፖል አረንጓዴውን ብርሃን ከተርቢየም ነው የሚያገኘው። እነሱን ያዳናቸው ግን ፖለቲካ አይደለም። ኤልኢዲ መጣ፣ ፍሎረሰንቱም ከገበያ መውጣት ጀመረ። የማግኔት ሰዎች እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም።

አራት መልሶች

ጃፓን በፍጥነት ተንቀሳቀሰች። ኦክቶበር 2010 ላይ መንግሥት ለሬር ኧርዝ ብቻ 100 ቢሊዮን የን በተጨማሪ በጀት ያዘ። ገንዘቡ ወደ ሌላ አገር ማዕድን፣ ወደ መልሶ መጠቀም፣ ወደ ፋብሪካ ማሻሻያና ወደ ምርምር ተበተነ።

በማዕድኑ በኩል ጎልቶ የሚታየው ላይናስ ነው። የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው። ማዕድኑን ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ከማውንት ዌልድ ያወጣል፣ ማሌዥያ ውስጥ ኳንታን አጠገብ ያጣራል። 2011 ላይ ጆግሜክ የሚባለው የጃፓን መንግሥት ድርጅትና ሶጂትስ የተባለው ነጋዴ ኩባንያ 250 ሚሊዮን ዶላር ሰጡት። በለውጡም ለአሥር ዓመት በየዓመቱ 8,500 ቶን ገደማ ለጃፓን እንዲያቀርብ ተስማሙ። ገንዘቡ ባክኗል አይባልም። 2015 ላይ ዋጋው ወድቆ ሞሊኮርፕ የተባለው አሜሪካዊ ኩባንያ ሲከስር ላይናስ የቆመው በዚህ ድጋፍ ነው። ግን የማውንት ዌልድ ድንጋይ በአብዛኛው ቀላሎቹን ነው የሚይዘው። ያለችውን ትንሽ ከባድ ደግሞ ላይናስ ለረጅም ጊዜ ሳይለያይ በድብልቁ ነበር የሚሸጣት። ጃፓን የኒዮዲሚየም ጭንቀቷን አቃለለች፣ የዲስፕሮሲየሙ ባለበት ቀረ።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። ማርች 2012 ላይ ጃፓን፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ቻይናን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሷት። 2014 ላይ ረቱ፣ በይግባኝም ጸና። 2015 ሲጀምር ኮታው ተነሳ። ድሉ ድል ነው፣ ግን ዋጋው ከወደቀ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው የመጣው። 2012 ላይ ያ ሁሉ ጩኸት የተነሳበት ኮታ እንኳ ሳይሞላ ነው ያለፈው። ኮንትሮባንዱ ራሱ የማይናቅ ሥራ ሠርቷል። የቻይና መንግሥት 2012 ላይ ባወጣው ሰነድ እንዳመነው፣ በ2011 የውጭ አገር ጉምሩኮች ከቻይና ገባ ብለው የመዘገቡት መጠን የቻይና ጉምሩክ ወጣ ካለው ከእጥፍ በላይ ነበር።

ሦስተኛው የባሕር ወለል ነው። በፓስፊክ፣ ሚናሚቶሪሺማ በምትባል የጃፓን ደሴት ዙሪያ በከባድ ሬር ኧርዝ የበለጸገ ጭቃ እንዳለ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳዩ። ጭቃው ያለው 6,000 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙም አልቆይም።

አራተኛው ዲስፕሮሲየምን መቀነስ ነው። ገበያውን ካበረዱት ነገሮች ሁሉ የበለጠ የሠራው ይሄ ይመስለኛል።

ቅንጣቷን ማሳነስ

ሐሳቡ የሚጀምረው ማግኔቱ የት ላይ እንደሚሸነፍ ከማየት ነው። የማግኔቱ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ድንጋይ ካብ ነው፣ ብዙ ትንንሽ የክሪስታል ቅንጣቶች ተደርድረውበት። እያንዳንዷ ቅንጣት በጥቂት ማይክሮሜትር ትለካለች። ሙቀትና ተቃራኒ መስክ ሲበረቱ ቅንጣቷ የምትሸነፈው ከጠርዟ ነው። ከጠርዟ የጀመረው መገልበጥ ከዚያ ወደ መሐሏ ይዘልቃል።

እንግዲያው ዲስፕሮሲየሙ የሚያስፈልገው ጠርዙ ላይ ከሆነ መሐሉ ድረስ መሙላት ለምን? በአሮጌው ዘዴ ገና ቅይጡ ሲቀልጥ ነበር የሚጨመረው፣ ስለዚህ ሁሉም ቦታ ይገባል። በአዲሱ ግን ማግኔቱ መጀመሪያ ያለ እሱ ይሠራል። ከዚያ ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም በላዩ ይቀባል፣ ምድጃ ይገባል። ሲሞቅ የቅንጣቶቹን ድንበር ድንበር እየተከተለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጠርዙን ያጠነክራል፣ መሐሉን አይነካም። ጉልበቱም ያን ያህል አይቀንስም። እንደ ሺንኤትሱ ያሉ አምራቾች ዘዴውን ከቀውሱ በፊትም ይዘውት ነበር። ቀውሱ ሲመጣ ግን ከጓዳ ወጥቶ ዋና ሥራ ሆነ። ኒሳን ኖቬምበር 2012 ላይ የሊፍ መኪናውን አዲስ ሞተር ሲያስተዋውቅ ዲስፕሮሲየሙን በ40 በመቶ ቀንሻለሁ ያለው በዚህ ዘዴ ነው።

የዘዴው ድክመት ውፍረት ላይ ነው። ከላይ የተቀባው ወፍራም ማግኔት መሐል ድረስ አይዘልቅም። ከዚያ ሌላ፣ ዲስፕሮሲየሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ዳይዶ የሄደበት መንገድ የተለየ ነው። ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥር ለመገልበጥ ታስቸግራለች። ታዲያ በጣም ብናሳንሳትስ? እዚህ ላይ የጃፓኑ ዱቄት ይከዳል። ከሚገባው በላይ ከተፈጨ ኦክስጅን ሲነካው ይቃጠላል፣ ቃል በቃል እሳት ይይዛል። ስለዚህ ዳይዶ ወደዚያኛው፣ ጄኔራል ሞተርስ ወደ ጀመረው መንገድ ዞረ። በሚሽከረከር ጎማ ላይ በቅጽበት የጠነከረው ቅይጥ ገና ከመነሻው እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ነው ያለው። እሱን ጠፍጥፎና አሙቆ በግፊት ሲለጥጡት ቅንጣቶቹ እንደ ጠፍጣፋ ሳህን ሆነው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። በዚህ የሚገኘው ቅንጣት ከተለመደው ማግኔት ቅንጣት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

ያም ሆኖ ማግኔቱ ብቻውን አልበቃም። ዲስፕሮሲየም እንደነበረበት ማግኔት ያህል ሙቀት አይችልም። ሆንዳ የሞተሩን ሮተር (የሚሽከረከረውን ክፍል) ቅርጽ እንደገና ነደፈው፣ ማግኔቱ ላይ የሚያርፈው ተቃራኒ መስክ እንዲቀንስ። ማግኔት ሠሪውና ሞተር ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ይህ ሥራ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ሞተር ሠሪው በካታሎግ የተጻፈ ማግኔት ያዛል፣ ማግኔት ሠሪው ካታሎጉን ለማሟላት ዲስፕሮሲየም ይጨምራል።

ፈተናው 2025 ላይ መጣ

ኤፕሪል 4፣ 2025 ቻይና ሰባት ንጥረ ነገሮችን ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልጋል አለች። ሳማሪየም፣ ጋዶሊኒየም፣ ተርቢየም፣ ዲስፕሮሲየም፣ ሉቴቲየም፣ ስካንዲየም፣ ኢትሪየም። የአሜሪካ አዲስ ቀረጥ ከታወጀ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። እነሱን የያዙ ማግኔቶችም ተጨምረዋል። ኒዮዲሚየም ዝርዝሩ ላይ የለም። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ሌላው ዓለም የቱ ጋ መተኪያ እንዳለው፣ የቱ ጋ እንደሌለው ጠንቅቆ ያውቃል።

ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ታየ። ፎርድ ሜይ ላይ ቺካጎ ያለውን ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት አቆመ። ጃፓን ውስጥ ሱዙኪ ከሜይ 26 ጀምሮ ስዊፍት የምትባለውን መኪና ማምረት አቋረጠ፣ ምክንያቱ የሬር ኧርዝ ዕቃ እጥረት ነው ተብሎ ተዘገበ። አሥራ አምስት ዓመት ሲዘጋጅ የቆየ አገር ነው እንግዲህ።

ዝግጅቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ጃፓን ከቻይና የምታስገባው ድርሻ ከ90 ወደ 60 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ግን ሁለት ነገር ክፍተቱን አቆየው። አንደኛ፣ ዋጋው ሲወርድ ጥድፊያውም አብሮ ወረደ። በ2011 ዋጋ አትራፊ ይሆን የነበረ ሐሳብ ሁሉ በ2015 ዋጋ አያዋጣም። ሁለተኛ፣ የመኪናው ዋና ሞተር ላይ ትኩረት ሲደረግ ሌላው ተዘነጋ። አንድ መኪና ውስጥ መሪውን የሚያግዝ፣ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ፣ ወንበር የሚገፋ፣ በሴንሰር ውስጥ የተቀመጠ፣ በደርዘን የሚቆጠር ማግኔት አለ። አብዛኛውን የሚያቀርበው ሌላ አቅራቢ ነው፣ እሱም ከሌላ አቅራቢ ይገዛል። ፋብሪካ ለማቆም ደግሞ ከእነሱ አንዱ መጥፋቱ ይበቃል።

በመለያው በኩል ግን የተነቃነቀ ነገር አለ። ጆግሜክና ሶጂትስ 2023 ላይ ላይናስ ውስጥ ተጨማሪ 200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስገብተው ከማውንት ዌልድ ከሚገኘው ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም እስከ 65 በመቶው ለጃፓን እንዲሆን ተዋዋሉ። ሜይ 2025 ላይ ላይናስ ማሌዥያ ውስጥ ዲስፕሮሲየም ኦክሳይድ ለየሁ አለ፣ በማግስቱ ወር ተርቢየም ተከተለ። ከቻይና ውጭ በንግድ ደረጃ ከባድ ሬር ኧርዝ የለየ ኩባንያ ተገኘ ማለት ነው።

መጠኑ ግን በድንጋዩ የተወሰነ ነው። ቀላል የሞላበት ድንጋይ ከባዱን እንደ ሎንግናን ሸክላ አይሰጥም። ለዚህ ነው ሸክላውን ፍለጋው አሁንም የቀጠለው። ቻይና የራሷን ኮረብታዎች ስትዘጋ ቁፋሮው ድንበር ተሻግሮ ወደ ሚያንማር ካቺን ግዛት ገባ፣ በዚያው አሞኒየም ሰልፌት፣ በዚያው ገንዳ። ኦክቶበር 2024 ላይ የካቺን ታጣቂዎች የቁፋሮው ማዕከል የሆነችውን ፓንግዋን ከያዙ ወዲህ ደግሞ አፈሩ የሚወጣው በእነሱ ይሁንታ ነው፣ የሚለየው ግን ያው ቻይና ውስጥ ነው።